በአዋሽ ዳር የጎርፍ ሜዳ አፈር ላይ የከባድ ብረት ብክለት ካርታ እንዴት ይሠራል? ከቆቃ በታች፣ በአዳማና በወንጂ ዙሪያ ለምትሠሩ

በአዋሽ ዳር አፈር ላይ የሚሠሩ ተማሪዎችና የወረዳ ባለሙያዎች ብዙ ጊዜ የሚሰናከሉት ላቦራቶሪ ውስጥ አይደለም። ናሙናው ተመርምሮ ካርታው ቀይ በቀይ ሆኖ ይወጣል። ከዚያ አንድ ሰው «ይህ ክሮሚየም ከቆዳ ፋብሪካ የመጣ ነው ወይስ ከደጋው ጥቁር ድንጋይ?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ ይጠፋል፤ መልሱን የሚሰጠው ናሙና ከመጀመሪያውም አልተወሰደምና። ስለዚህ ከታች ካሉት ምዕራፎች 2፣ 3 እና 8ን አትዝለሉ። ሌላው ከተበላሸ ይጠገናል፤ እነሱ ከተበላሹ ግን እንደገና ሜዳ መውጣት ነው።

መጠኖቹ የተሰሉት 10 ኪሎ ሜትር ርዝመትና ከ1 እስከ 2 ኪሎ ሜትር ስፋት ላለው የወንዝ ዳር ሜዳ፣ ለ100 ያህል የናሙና ነጥቦች ነው።

1. ወሰኑን ቁረጡ

የቆቃን ግድብ አትሻገሩ

የቆቃ ግድብ ሥራ የጀመረው በ1952 ዓ.ም. ነው። ከአዲስ አበባ በአቃቂ፣ ከሞጆ ደግሞ በሞጆ ወንዝ የሚመጣው ደለል በአብዛኛው ሐይቁ ውስጥ ይተኛል። ከግድቡ በታች ወደ ወንጂ የሚወርደው በውሃው የሟሟውና በጣም ደቃቁ ሸክላ ነው። ስለዚህ ከግድቡ በላይና በታች ያለው ሜዳ ሁለት የተለያየ ሥራ ነው። ሁለቱንም ማጥናት ካለባችሁ ሁለት ካርታ ሥሩ። በአንድ ስሌት ካገናኛችኋቸው ኮምፒዩተሩ በመካከል የሌለ «ቀስ በቀስ የሚቀንስ ብክለት» ይስልላችኋል።

ከግድቡ በታች ሌላም ነገር አለ። ከ1952 ዓ.ም. በፊት ጎርፍ ያመጣው ደለል ዛሬ ከላይኛው ንብርብር ሥር ተቀብሮ ይገኛል። ምዕራፍ 8 ላይ በጣም ትፈልጉታላችሁ።

መጋጠሚያውን አንድ አድርጉ

1. በኪውጂአይኤስ (የካርታ ሶፍትዌር) አዲስ ፕሮጀክት ክፈቱና ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን፣ ደብሊውጂኤስ 84 ምረጡ። ኮዱ ኢፒኤስጂ 32637 ነው።
2. የቆዩት የ1:50,000 ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው የድሮ የመጋጠሚያ ሥርዓት ነው። ቃኝታችሁ ስታስገቡ ኢፒኤስጂ 20137 ብላችሁ አስገቡና ከዚያ ቀይሩት።
3. በዓይን አረጋግጡ። ድልድዩ ወይም የቦይ መገናኛው በሳተላይት ምስሉና በካርታው ላይ አንድ ቦታ መዋል አለበት።

ሲበላሽ፦ ሁሉም ነጥብ በአንድ አቅጣጫ ወደ 200 ሜትር ገደማ ከሸሸ ጂፒኤሱ አልተበላሸም፤ አዲንዳንና ደብሊውጂኤስ 84 ተደባልቀዋል። ነጥቦቹን በእጅ አትጎትቱ፣ የፋይሉን መጋጠሚያ አስተካክሉ። ጠባብ የጎርፍ ሜዳ ላይ 200 ሜትር ማለት የወንዝ ዳሩን ናሙና ወንዙ ማዶ ማስቀመጥ ነው።

2. ሜዳውን በአፈጣጠሩ ከፋፍሉ

የጎርፍ ሜዳ ከሩቅ ሲያዩት አንድ ወጥ ይመስላል፤ ግን አይደለም። ብረቶች የሚጣበቁት ከደቃቅ ሸክላ፣ ከብስባሽና ከብረት ዝገት ጋር ነው። ውሃው ሲፈጥን አሸዋ ይጥላል፣ ሲተኛ ሸክላ ይጥላል። ስለዚህ ከወንዙ 10 ሜትር ርቆ ያለው ነጥብ 600 ሜትር ርቆ ካለው ያነሰ ብረት ሊኖረው ይችላል። ይህን ሳያውቅ «ከወንዙ በራቅን ቁጥር ብክለቱ ይቀንሳል» ብሎ የሚነሳ ሰው ውጤቱ ሲገለበጥበት ላቦራቶሪውን ይወቅሳል።

ቢያንስ እነዚህን አምስት ክፍሎች ለዩ፦

ሀ. ትከሻው፦ ከወንዙ አፋፍ ወዲያው ያለ፣ ትንሽ ከፍ ያለ፣ አሸዋማ መሬት።
ለ. ሜዳው፦ ጎርፍ የሚያለብሰው ሰፊ ጠፍጣፋ።
ሐ. ረባዳው፦ ጎርፉ ከሸሸ በኋላ ውሃ ለሳምንታት የሚተኛበት። ብዙ ጊዜ ዋልካ ነው። ከፍተኛውን ቁጥር የምታገኙት እዚህ ሊሆን ይችላል።
መ. አሮጌው የወንዝ አልጋ፦ ወንዙ ትቶት የሄደ ጠመዝማዛ ጎድጓዳ።
ሠ. ላይኛው እርከን፦ ጎርፍ የማይደርስበት፣ ግን ያው ወንዝ ድሮ የሠራው መሬት።

በዚህ ላይ ለአዳማ ዙሪያ የግድ የሚያስፈልግ ስድስተኛ ምልክት አለ፤ መሬቱ በቦይ ይጠጣል ወይስ አይጠጣም? ወንጂ ላይ ሸንኮራ ከ1940ዎቹ ጀምሮ በአዋሽ ውሃ እየለማ ነው። ጎርፍ ያልደረሰበት ማሳ የወንዙን ውሃ ለአሥርት ዓመታት በቦይ ሲጠጣ ኖሯል፤ ፎስፌት ማዳበሪያም ካድሚየም ይዞ ይመጣል። ቦይ የሚደርሰውን ማሳ ለብቻው ምልክት ካላደረጋችሁበት የቦዩን ሥራ ለጎርፉ ትሰጣላችሁ።

አካሄድ

1. 30 ሜትር ጥራት ያለው የከፍታ መረጃ (ኮፐርኒከስ ወይም ኤስአርቲኤም) አውርዱ። ከወንዙ ደረጃ በላይ ያለውን ከፍታ አስሉ፤ ከባሕር ወለል በላይ ያለው ከፍታ እዚህ አይረዳም።
2. ለጎርፉ ስፋት ከሐምሌ እስከ መስከረም ያሉ የሴንቲኔል-1 ራዳር ምስሎችን ተጠቀሙ። ሴንቲኔል-2 በክረምት ደመና ነው የሚያሳያችሁ።
3. ረጅም ሸንኮራ ሥር ያለን ውሃ ይህ ራዳር አያየውም፤ በመስኖ የራሰን ማሳ ደግሞ ጎርፍ ሊያስመስለው ይችላል። ስለዚህ ረቂቁን ይዛችሁ ሂዱና እዚያው የኖሩ አዛውንቶችን ጠይቁ። «ውሃው እስከ የት ደረሰ?» ከማለት ይልቅ «የትኛው ዛፍ ሥር ቆመ? የማን ጎጆ ውስጥ ገባ?» በሉ። የዚህ መልስ በጂፒኤስ ይመዘገባል።
4. ድንበሮቹን በፖሊጎን ሳሉ። ለእያንዳንዱ ክፍል መለያና «ቦይ አለ/የለም» የሚል አምድ ስጡ።

3. ነጥቦቹን ምረጡ

መኪና በሚገባበት መንገድ ዳር ናሙና መልቀም የተለመደ ስንፍና ነው። የመንገዱን እርሳስና ዚንክ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። ከዋና መንገድ ቢያንስ 50 ሜትር፣ ከአጥርና ከቆርቆሮ ቤት 20 ሜትር ራቁ።

1. ወንዙን አቋርጠው የሚያልፉ 12 መስመሮች በ800 ሜትር ገደማ ልዩነት አስምሩ።
2. በእያንዳንዱ መስመር ላይ ከአፋፉ በ10፣ 40፣ 100፣ 250፣ 500 እና 900 ሜትር ነጥብ አኑሩ። ርቀቱ የሚሰፋው ለውጡ ወንዙ አጠገብ ፈጣን ስለሆነ ነው።
3. የትኛውም የመሬት ክፍል ከ8 ነጥብ በታች ከደረሰው ጨምሩለት። አሮጌው የወንዝ አልጋ ሁልጊዜ ይረሳል።
4. ከነጥቦቹ መካከል በ10ሩ አጠገብ በ5 እና በ20 ሜትር ርቀት ተጨማሪ ናሙና ውሰዱ። በቅርብ ርቀት ያለውን ልዩነት ካላወቃችሁ ምዕራፍ 9 ላይ ያለው ስሌት በግምት ላይ ይቆማል።
5. ለመነሻ መጠን (አፈሩ ሳይበከል በተፈጥሮው ለያዘው የብረት መጠን) 15 ነጥቦች ለዩ፤ ግማሾቹን ከላይኛው እርከን፣ ግማሾቹን ከጎርፍ ሜዳው ከ80 እስከ 100 ሳ.ሜ. ጥልቀት። አዳማ ዙሪያ ካሉት የፑሚስ (ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ኮረብታዎች ለመነሻ የሚሆን አፈር አትውሰዱ። የስምጥ ሸለቆው ነጭ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ክሮሚየምና ኒኬል በጣም ጥቂት ነው ያለው፤ ዚንክና ዚርኮኒየም ደግሞ ይበዛበታል። አዋሽ ግን አፈሩን ያመጣው ከደጋው ጥቁር ባዛልት ጭምር ነው፤ ባዛልት ክሮሚየም፣ ኒኬልና ኮባልት በተፈጥሮው ይዟል። ኮረብታውን መነሻ ካደረጋችሁ ንጹሑ የአዋሽ አፈር ሁሉ «በክሮሚየም የተበከለ» ይሆንባችኋል።

4. ወቅት፣ ፈቃድ፣ ዕቃ

ሥራውን ከኅዳር አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ ያዙ። ቀደም ካላችሁ ጭቃ ነው፤ ከጥር ወዲያ ደግሞ ዋልካው ይሰነጠቅና ኦገር (የአፈር መሰርሰሪያ) አይገባውም። የሸንኮራ ቆረጣም በዚህ ወቅት ስለሚካሄድ የተቆረጡ ማሳዎችን በቅደም ተከተል ጠይቃችሁ ግቡ። ሰው ቁመት ያለፈ ሸንኮራ ውስጥ ጂፒኤሱም መንገዱም ይጠፋል።

ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤትና ከቀበሌው ደብዳቤ ያዙ፤ ለሸንኮራ ማሳ የእርሻውን አስተዳደር ለብቻው አስፈቅዱ። አፋን ኦሮሞ የሚናገር ሰው ከቡድኑ አይጉደል። ባለ ማሳው አፈር ለምን እንደሚቆፈር ካልገባው መሬቱ ሊወሰድበት ነው ብሎ ያስባል፤ አይፈረድበትም።

ዕቃ፦

- የማይዝግ ብረት ኦገር፣ ቀለም ያልተቀባ። የገሊቫናይዝድ አካፋ ዚንክ፣ አዲስ የተቀባ ዶማ እርሳስና ክሮሚየም ሊጨምር ይችላል።
- የፕላስቲክ ባልዲና ጭልፋ፣ ዱቄት የሌለው ጓንት፣ የፕላስቲክ ብሩሽ
- ወፍራም የፖሊኢትሊን ከረጢት፣ ለአንድ ናሙና ሁለት ሁለት
- የመጻፊያ እርሳስና ካርቶን መለያ (እስክሪብቶ በእርጥበት ይጠፋል)
- ኮቦቱልቦክስ ወይም ኪውፊልድ የሚባል የመመዝገቢያ መተግበሪያ የተጫነበት ስልክ፣ ከወረቀት ፎርም ጋር
- ሜትር፣ የአፈር ቀለም መጽሐፍ፣ የፒኤች ወረቀት

ናሙና በማዳበሪያ ከረጢት አትሸከሙ፣ አታድርቁ። በውስጡ የቀረው የዳፕ ብናኝ ካድሚየም አለው። ቀለበትና አምባር አውልቁ። የፀሐይ መከላከያ ቅባት ዚንክ ኦክሳይድ ሊኖረው ስለሚችል ከተቀባችሁ በኋላ ጓንት ቀይሩ።

ማስጠንቀቂያ፦ በቆቃና በወንጂ መካከል አዞና ጉማሬ አለ። የ10 ሜትሩን ነጥብ በማለዳና በምሽት አትውሰዱ፤ ጉማሬ ከግጦሽ ወደ ውሃ በሚመለስበት መንገድ ላይ አትቁሙ። ወባም አለ፣ ያለ አጎበር አትደሩ።

5. ናሙና አወሳሰድ

በአንድ ነጥብ ላይ የሚደረገው ይህ ነው፤ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጃል።

1. ጂፒኤሱን አብሩና ስሕተቱ ከ5 ሜትር በታች እስኪወርድ ጠብቁ። መዝግቡ።
2. ከመሬቱ ላይ ገለባውን፣ ቅጠሉንና የተቃጠለ የሸንኮራ አመድ በእጅ ጥረጉ። አፈሩን አትፋቁ።
3. አንዱን ከመሃል፣ አራቱን በ5 ሜትር ራዲየስ በአራቱም አቅጣጫ፣ በጠቅላላው አምስት ቦታ ከ0 እስከ 20 ሳ.ሜ. ቆፍሩ። ትራክተር በጥልቀት የሚያርሰው የሸንኮራ ማሳ ላይ ከ0 እስከ 30 ይሁን፤ ልዩነቱን ፎርሙ ላይ ጻፉ።
4. ኦገሩ ሲወጣ በዙሪያው የተለጠፈውን አፈር በፕላስቲክ ቢላ ላጡና የመሃሉን ብቻ ባልዲ ውስጥ ጨምሩ። ዙሪያው ከላይኛው ንብርብር እየተጎተተ የወረደ ነው።
5. አምስቱን በደንብ ደባልቁና 1 ኪሎ ያህል ውሰዱ። ፑሚስ የበዛበት ከሆነ 2 ኪሎ።
6. መለያውን በውስጠኛውና በውጭኛው ከረጢት መካከል አስገቡ። ኮዱ መስመሩን፣ ርቀቱንና ጥልቀቱን ይያዝ፤ ለምሳሌ «04-250-0/20»።
7. ፎቶ አንሱ፤ አንድ ወደ ወንዙ፣ አንድ ወደ ጉድጓዱ።
8. ኦገሩን በብሩሽ አጽዱ። በቦይ ወይም በአዋሽ ውሃ አትጠቡት፤ የምትለኩትን ነገር መልሳችሁ ትቀቡታላችሁ። በሚቀጥለው ነጥብ የመጀመሪያውን ቁፋሮ ጣሉ፤ ከማንኛውም ማጠቢያ የተሻለ እሱ ነው።

ዋልካ ላይ

ዋልካ ሲደርቅ በጥልቀት ይሰነጠቃል፤ የላይኛው አፈር በስንጥቁ እየፈሰሰ ወደ ታች ይገባል። ስለዚህ ለመነሻ መጠን ከ80 እስከ 100 ሳ.ሜ. የምትወስዱት ናሙና ከስንጥቅ ውስጥ እንዳይሆን። በሁለት ስንጥቆች መካከል ካለው ሙሉ ግንድ ላይ ቆፍሩ። ከጥልቁ የወጣው አፈር ላይ የገለባ ቁራጭ ወይም የላይኛው ልቅ ፍርፋሪ ካያችሁ ጣሉትና 1 ሜትር ራቅ ብላችሁ ድገሙ።

ጥልቁ አፈር ግራጫ ወይም አረንጓዴ ቢጤ ሆኖ የዝገት ነጠብጣብ ካለው ውሃ የሚቆምበት ንብርብር ነው። ማንጋኒዝና አርሴኒክ እዚያ ከቦታቸው ይንቀሳቀሳሉ። ናሙናውን ያዙት፣ ለእነዚህ ሁለቱ መነሻ ግን አታድርጉት።

አደገኛውን ክሮሚየም መለካት ካሰባችሁ

ቆዳ ፋብሪካ የሚጠቀመው ክሮሚየም ሦስት ነው። አደገኛው ክሮሚየም ስድስት ነው፤ ጠቅላላ መጠኑ ብቻውን የትኛው እንደሆነ አይነግራችሁም። ለክሮሚየም ስድስት የተለየ ናሙና በእርጥቡ፣ ከረጢቱ ሙሉ ተደርጎ፣ በ4 ዲግሪ በረዶ ሣጥን ውስጥ መሄድ አለበት፤ በአልካሊ ዘዴ ይመረመራል። ደርቆ የተፈጨ አፈር ላይ በኋላ «ስድስቱንም ለኩልን» ማለት አይሠራም።

6. ማድረቅና መንፋት

1. ናሙናውን በካኪ ወረቀት ላይ በ2 ሳ.ሜ. ውፍረት ዘርጉ። ጥላ ያለበት፣ አቧራ የማይገባበት ክፍል ይሁን፤ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ አይለፍ። ሜርኩሪ የምትለኩ ከሆነ ምድጃ አታስቡ።
2. ዋልካውን ገና ለስለስ ሲል በእጅ ፈርፍሩት። እስኪደርቅ ከጠበቃችሁት ጡብ ነው፤ በመዶሻ ስትመቱት ድንጋዩንም አብራችሁ ትፈጩታላችሁ።
3. በ2 ሚሊ ሜትር የናይለን ወንፊት ንፉ። የነሐስ ወንፊት መዳብና ዚንክ ይጨምራል።
4. የቀረውን ፑሚስና ጠጠር መዝኑ። ፑሚሱን ቀጥቅጣችሁ በወንፊቱ እንዳታሳልፉት፤ ውጤቱን ያቀጥነዋል። ከጠቅላላው ክብደት 10 በመቶ ካለፈ በሪፖርቱ ይግለጽ።
5. የተነፋውን ከምሩና አራት ቦታ ክፈሉ፤ ተቃራኒ ሁለቱን ይዛችሁ ሁለቱን መልሱ። 100 ግራም እስኪቀር ድገሙ። በጭልፋ ከላይ መዝገን ደቃቁን ከሻካራው ይለያል።
6. ከ20 እስከ 30 ግራም በአጌት ሙቀጫ አድቅቁ። በናሙናዎች መካከል ሙቀጫውን በንጹሕ አሸዋ አጽዱ።

7. ላቦራቶሪ

ከመላካችሁ በፊት ሦስት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ የናሙናዎቹን ቅደም ተከተል በዕጣ አደባልቁ። በመስመር ቅደም ተከተል ከላካችሁ ማሽኑ ቀን ሙሉ ሲሠራ የሚያሳየው መንሸራተት ካርታው ላይ «ወደ ታች እየጨመረ የሚሄድ ብክለት» ሆኖ ይወጣል። ሁለተኛ፣ ለየ20 ናሙናው አንድ ድግግሞሽ በሌላ ኮድ ደብቁ። ሦስተኛ፣ ላቦራቶሪው የማጣቀሻ አፈር (የብረቱ መጠን አስቀድሞ የተመሰከረለት) አብሮ እንዲመረምር በጽሑፍ ጠይቁ።

በንጉሣዊ ውሃ ማሟሟት

ይህ ሁልጊዜ በጭስ ማውጫ ሥር፣ በመነጽር፣ በአሲድ ጓንት የሚሠራ ነው።

1. 3 ግራም አፈር መዝኑ፣ 1 ሚሊ ሊትር ያህል ንጹሕ ውሃ ጨምሩ።
2. 21 ሚሊ ሊትር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በዝግታ፣ ከዚያ 7 ሚሊ ሊትር ናይትሪክ አሲድ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ ጨምሩ። የስምጥ ሸለቆ አፈር ኖራ ስላለው ይፈላል፤ ከቸኮላችሁ አረፋው ይዞት ይወጣል።
3. ክፍት እንደሆነ 16 ሰዓት ይቆይ። ክዳን ገጥሞ ማስቀመጥ ጠርሙሱን ያፈነዳል።
4. 2 ሰዓት በእንፋሎት መመለሻ አፍሉ፣ አቀዝቅዙ፣ አጥልሉ፣ 100 ሚሊ ሊትር ሙሉ።

የማሽኑን አቅም አስቀድማችሁ አስሉ። የነበልባል ኤኤኤስ (ብረት በብርሃን የሚለካ) ማሽኑ በአስተማማኝ የሚያነበው ዝቅተኛ ካድሚየም 0.01 ሚ.ግ. በሊትር ነው እንበል። ላቦራቶሪው ከላይ ካለው ይልቅ 0.5 ግራም አፈር ወደ 50 ሚሊ ሊትር ካሟሟ ይህ በአፈሩ ውስጥ 1 ሚ.ግ. በኪሎ ነው፤ ያ ደግሞ ብዙዎች እንደ መነሻ ገደብ የሚጠቀሙበት የፊንላንድ መመሪያ የካድሚየም ቁጥር ራሱ ነው። ገደቡን ለመለየት የማይችል ማሽን ላይ 100 ናሙና አትክፈሉ። ለካድሚየም ግራፋይት ፈርነስ ወይም አይሲፒ የሚባሉትን፣ ዝቅተኛ መጠን የሚያነቡ ማሽኖች ጠይቁ።

በእጅ የሚያዝ ኤክስአርኤፍ (በኤክስሬይ የሚለካ መሣሪያ) ለፈጣን ቅኝት ጥሩ ነው፤ ሁለት ነገር ግን እወቁ። የካድሚየም ዝቅተኛ መጠን አያይም። እርሳስ ሲበዛ ደግሞ የአርሴኒክ መስመር ስለሚደረብበት የአርሴኒኩን ቁጥር አትመኑ። እርጥበቱ ከ20 በመቶ ካለፈ አድርቁት።

ውጤቱ ሲመጣ

ባዶው መቆጣጠሪያ (አፈር ያልገባበት ናሙና) ዚንክ ካሳየ ዕቃው በ10 በመቶ ናይትሪክ አሲድ አልተዘፈዘፈም፣ ወይም የጎማ ክዳን ነክቶታል። የዚያ ዙር ዚንክ እንዲደገም ጠይቁ።

የድግግሞሾቹ ልዩነት በአማካያቸው ሲካፈል ከ20 በመቶ በላይ ከሆነ አሸዋና ሸክላ ሲከፋፈል አልተመጣጠነም። ወደ ምዕራፍ 6 ቁጥር 5 ተመለሱ።

የማጣቀሻ አፈሩ ክሮሚየም ከተመሰከረለት 60 ወይም 70 በመቶ ብቻ ከሆነ አትደንግጡ፤ የትኛውን የምስክር ቁጥር እንደተጠቀሙ ጠይቁ። ንጉሣዊ ውሃ ክሮማይትን (ክሮሚየም የያዘ ማዕድን) ሙሉ በሙሉ አያሟሟም። ማወዳደር ያለባችሁ ከጠቅላላው ቁጥር ጋር ሳይሆን ለንጉሣዊ ውሃ ከተሰጠው ጋር ነው። እርሳስና ዚንክ ደግሞ ከ80 እስከ 120 በመቶ ውስጥ ካልወደቁ ዙሩ አይቀበልም።

ከማሽኑ አቅም በታች የሆነውን ዜሮ አትሙሉት። ጥቂት ከሆኑ የገደቡን ግማሽ ተጠቀሙ። ሩብ ያህሉ ከታች ከሆነ ለዚያ ብረት ተከታታይ ካርታ አትሥሩ፤ «ተገኘ/አልተገኘ» የሚል የነጥብ ካርታ ይበቃል።

8. የተፈጥሮውን ከሰው ሥራ ለዩ

የዓለም አማካይ መጽሐፍ ላይ ካለ ቁጥር ጋር ማወዳደር እዚህ ተፋሰስ ላይ አይሠራም። አካሄዱ ይህ ነው።

1. የ15ቱን መነሻ ነጥቦች አማካይ ሳይሆን መካከለኛ ዋጋ (ሚዲያን) ውሰዱ። አንድ ያፈነገጠ ነጥብ አማካዩን ይጎትተዋል።
2. እያንዳንዱን ናሙና ለሸክላው መጠን አስተካክሉ። ለዚህ አሉሚኒየምን ተጠቀሙ፣ በዚያው ዘዴ የተሟሟውን። ዚርኮኒየምን አትጠቀሙ፤ ባዛልትና ነጭ የስምጥ ሸለቆ ድንጋይ በተደባለቀበት ቦታ ዚርኮኒየም ራሱ ከምንጩ ጋር ይለዋወጣል።
3. ጥምርታውን አስሉ፦ የናሙናው ብረት ለናሙናው አሉሚኒየም፣ ሲካፈል የመነሻው ብረት ለመነሻው አሉሚኒየም።

ለምሳሌ መነሻው 80 ሚ.ግ. ክሮሚየምና 4 በመቶ አሉሚኒየም ይሁን፤ የረባዳው ናሙና 150 ሚ.ግ. ክሮሚየምና 6 በመቶ አሉሚኒየም። ቁጥሩ በጥሬው 1.9 እጥፍ ጨምሯል። ሲስተካከል ግን 150 ለ6 ማለት 25፣ 80 ለ4 ማለት 20፤ ውጤቱ 1.25 ነው። ያ ረባዳ ሸክላ በዝቶበት እንጂ ይህን ያህል አልተበከለም። ጥምርታው ከ2 በታች ሲሆን «ብክለት» የሚል ቃል አትጻፉ።

4. ክሮሚየምን በቋሚው ዘንግ፣ ኒኬልን በአግድሙ አድርጋችሁ ነጥቦቹን ሳሉ። ከሁሉም ስሌት ይህ አንድ ሥዕል ይበልጣል። ባዛልት ሁለቱንም ይዞ ስለሚመጣ የተፈጥሮው አፈር በአንድ መስመር ይሰለፋል። የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ክሮሚየም እንጂ ኒኬል አያመጣም፤ ከመስመሩ በላይ ተነጥለው የሚወጡት ነጥቦች የምትፈልጓቸው ናቸው። ሁሉም በመስመሩ ላይ ከዋሉ፣ ቁጥሩ የፊንላንዱን የክሮሚየም ገደብ 100 ሚ.ግ. ቢያልፍም፣ ፋብሪካ አትክሰሱ።
5. ካድሚየምን ከፎስፈረስ ጋር እንዲሁ ሳሉ። አብረው የሚወጡና የሚወርዱ ከሆነ፣ በተለይ ቦይ ያለው ማሳ ላይ፣ ማዳበሪያውን ጠርጥሩ።

9. ካርታውን ሥሩ

1. የቁጥሮቹን ስርጭት እዩ። ጥቂት ትልልቅ ቁጥሮች ወደ ቀኝ ከጎተቱት ወደ ሎጋሪዝም ቀይሩ።
2. ለእያንዳንዱ ነጥብ ሁለት አዲስ መጋጠሚያ ስጡ፤ በወንዙ ርዝመት ስንት ሜትር፣ ከወንዙ ስንት ሜትር። አዋሽ እዚህ ይጠማዘዛል፤ በቀጥታ መስመር 300 ሜትር የሚራራቁ ሁለት ነጥቦች በወንዙ መንገድ 2 ኪሎ ሜትር ሊራራቁ ይችላሉ።
3. ቫሪዮግራሙን (ርቀት ሲጨምር የነጥቦች ልዩነት እንዴት እንደሚያድግ የሚያሳየውን ሥዕል) በአር ሶፍትዌር ጂስታት ጥቅል ሥሩ፣ በወንዙ አቅጣጫና በአግድሙ ለየብቻ። በወንዙ አቅጣጫ ያለው ዝምድና ረዘም ብሎ ቢገኝ የሚጠበቅ ነው።
4. ክሪጊንግ (በቫሪዮግራሙ ተመርቶ በነጥቦች መካከል ያለውን የሚገምት ስሌት) አሂዱ፤ ላይኛውን እርከን ከጎርፍ ሜዳው ጋር በአንድ ላይ አታስሉ።
5. አንድ አንድ ነጥብ እየደበቃችሁ ፈትኑ። የተገመተውና የተለካው በአማካይ ልዩነታቸው ወደ ዜሮ መቅረብ አለበት።
6. ውጤቱን በጎርፍ ሜዳው ድንበር ቁረጡ። ነጥብ ከሌለበት ቦታ ቀለም አይኑር።

ሲበላሽ፦ ቫሪዮግራሙ ከመጀመሪያው ጠፍጣፋ ከሆነ ነጥቦቹ እርስ በርስ አይዛመዱም። ክሪጊንግ አታስገድዱ፤ በምዕራፍ 2 ለሳላችሁት ለእያንዳንዱ ክፍል ሚዲያኑን ቀቡና አቅርቡ። ያ ካርታ ከለሰለሰው የበለጠ እውነት ነው። በየነጥቡ ዙሪያ የበሬ ዓይን የሚመስል ክብ ከወጣ ደግሞ አይዲደብሊው (በርቀት ብቻ የሚመዝን ግምት) ተጠቅማችኋል። ክቦቹ ከአፈሩ የመጡ አይደሉም፣ ከስሌቱ ናቸው።

የቀለም ወሰኑን ሶፍትዌሩ እንዲመርጥ አትተዉለት። የመጀመሪያው ወሰን የመነሻችሁ ሚዲያን፣ ሁለተኛው የመነሻው እጥፍ፣ ሦስተኛው የመረጣችሁት ገደብ ይሁን። ቀይ ከገደቡ በላይ ብቻ። ከግምት ካርታው ጎን የስሕተት ካርታውንና ነጥቦቹን አትሙ፤ ነጥብ የሌለበትን ካርታ ማንም ሊመረምረው አይችልም።

10. ስታስረክቡ

ካርታውን ከማሳተማችሁ በፊት ለቀበሌው አሳዩ። የግለሰብ ማሳ በስሙ እንዳይታይ የመሬት ድንበር ከካርታው አውጡ። የአፈር ካርታ ስለ ሰብል አይናገርም፤ ኖራ ባለው፣ ፒኤቹ ከ7.5 በላይ በሆነ አፈር እርሳስና ካድሚየም ወደ ተክል በቀላሉ አይገቡም፣ አርሴኒክና ክሮሚየም ስድስት ግን ይበልጥ ይንቀሳቀሳሉ። ስለዚህ «ጎመኑ ተመርዟል» የሚል ዓረፍተ ነገር ከሪፖርቱ ይውጣ፤ ማለት ካስፈለገ ጎመኑ ራሱ ይመርመር፣ ከታጠበ በኋላ።

ከእያንዳንዱ ናሙና የተነፋ 100 ግራም በክዳን ፕላስቲክ፣ በደረቅ ክፍል አስቀምጡ። የነጥቦቹን ፋይል፣ የላቦራቶሪውን ጥሬ ቁጥርና የመቆጣጠሪያ ናሙናዎቹን ውጤት በአንድ ፎልደር ከእሱ ጋር አኑሩ፤ ኮዱ በሦስቱም ላይ አንድ ዓይነት መሆኑን የናሙናውን ሣጥን ከመዝጋታችሁ በፊት አንድ በአንድ አመሳክሩ።